በቀን መቶ ቃል ታጠናለች፣ ስፒኪንግ ላይ ግን አምስት አመጣች

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ዱከም ባለ አንድ የቻይናውያን ፋብሪካ አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ፤ ቻይንኛ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሒሳብ ክፍል ከምትሠራ አንዲት ቻይናዊት ጋር በጣም ተግባብተናል። ምሳ አብረን ነው የምንበላው፤ ወሬያችን በቻይንኛ ስለሆነ ለእኔም ቋንቋዬ ይሻሻልልኛል። እሷ አውስትራሊያ ሄዳ ማስተርሷን መሥራት ትፈልጋለች። የተጠየቀችው አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) በጠቅላላው 6.5 ሆኖ አንዱም ክፍል ከ6 እንዳያንስ ነው። ስትፈተን ሊስኒንግ (ማዳመጥ) 6፣ ሪዲንግ (ማንበብ) 7፣ ራይቲንግ (መጻፍ) 5.5፣ ስፒኪንግ (መናገር) 5 አመጣች፤ ጠቅላላው 6 ሆነ። ከዚያ በኋላ «አስጠኚኝ» አለችኝ፤ በየወሩም ትከፍለኛለች።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስልኳ ላይ የቃላት አፕሊኬሽን አላት፤ አንድ ወፍራም የቃላት መጽሐፍም አላት። በቀን መቶ ቃል ታጠናለች። ቃሉን ጠርቼ ሳልጨርስ የቻይንኛ ትርጉሙን ትነግረኛለች። ስትጽፍና ስትናገር ግን ከእነዚያ ቃላት አንዱም አይመጣላትም፤ «አይ ዋንት ቱ ሰክሰስ» ብላ ትጽፋለች። አንድ ቀን «ይሄ የቃል ዝርዝር የሚጠቅምሽ አይመስለኝም» ብላት ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋኦካኦንም (የቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው)፣ የዩኒቨርሲቲውን የእንግሊዝኛ ስድስተኛ ደረጃ ፈተናም ያለፍኩት በዚሁ ነው፤ የጎደለኝ ቃል ነው፤ አንቺ ጠይቂኝ ብቻ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ከዝርዝሩ እያነበብኩ መጠየቅ ሆኗል። ገንዘቧን በከንቱ የምበላ ይመስለኛል። እናቴ «አንቺን ምን አገባሽ፣ እስከከፈለችሽ ድረስ ዝም በይ» ትለኛለች። ደግሞስ እንግሊዝኛ የእኔም የአፍ መፍቻ አይደል፤ ማን ነኝና ነው አጠናንሽ ልክ አይደለም የምላት? ፈተናው አስር ሳምንት ቀርቶታል። ዝም ልበል፣ ልተወው ወይስ ምን ላድርግ?
አስተርጓሚዋ፣ ከዱከም

ውድ እህቴ፣

እናትሽ እንዲያ ማለታቸው ከክፋት አይደለም፤ ሥራና ገንዘብ ባሉበት ቦታ ነገር አታምጪ ነው የሚሉሽ። ደብዳቤሽን ሳነበው ግን የሚከነክንሽ ክፍያው ብቻ አልመሰለኝም። የምትወጃት ሰው ዓይንሽ እያየ ጉልበቷን በማይሆን ቦታ ስታፈስ ዝም ማለቱ ነው የከበደሽ። ስለዚህ ገንዘቡን ለጊዜው እናቆየውና ሌላውን ጥያቄ እናስቀድም፦ ለመሆኑ ልክ ነሽ ወይ? ልክ ካልሆንሽ ዝም ብሎ መጠየቁ ይሻልሽ ነበርና።

ውጤቷን ወረቀት ላይ አስፍሪው። 6፣ 7፣ 5.5 እና 5 ሲደመሩ 23.5 ናቸው፤ ለአራት ሲካፈል 5.875 ይመጣል። አይኤልትስ አማካዩን ወደሚቀርበው ግማሽ ነጥብ ስለሚያጠጋጋ 6 ተባለች። አሁን ሊስኒንግና ሪዲንግ ባሉበት ይቁሙ እንበል። ራይቲንግ 6፣ ስፒኪንግም 6 ቢሆኑ ድምሩ 25፣ አማካዩ 6.25 ነው። 6.25 ደግሞ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 6.5 ይሆናል። እንግዲህ የጎደላት ራይቲንግ ላይ ግማሽ፣ ስፒኪንግ ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። በቀን መቶ ቃል በዓይን መለየት ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ሪዲንግን ነው፤ ሪዲንጓ ደግሞ ሰባት ላይ ደርሷል። አዎ፣ ልክ ነሽ። ጓደኛሽ የሒሳብ ሰው ስለሆነች ይህንን ስሌት ራሷ ብትሠራው ካንቺ ክርክር ይልቅ ይገባታል።

የእሷንም ወገን ግን እንይላት። ጋኦካኦ ላይ እንግሊዝኛ ከ150 የሚታረም ዋና ትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚወሰዱት አራተኛና ስድስተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ከ710 ይታረማሉ፤ ከነጥቡ ሰባ በመቶው ማዳመጥና ማንበብ ነው፣ የንግግሩ ፈተና ለብቻው የሚወሰድ ነው። ቃሉን አይቶ ትርጉሙን ማወቅ እስከዛሬ ያሰበችበት ሁሉ አድርሷታል፤ ያመነችበትን መንገድ «አይጠቅምሽም» ስትያት ፊቷ ቢለዋወጥ አይገርምም። አስር ሳምንት የቀረው ሰው ደግሞ የለመደውን ሲነጥቁት ይደነግጣል። የተቆጣችው ባንቺ ነው ወይስ በቀኑ መቅረብ? እስቲ አስቢበት። ቻይናውያን ራሳቸው እንዲህ ዓይነቱን ዕውቀት «ያባ ዪንግዩ» ይሉታል፣ ድዳ እንግሊዝኛ እንደማለት። በፊደል ተራ የተደረደሩት የቃላት መጻሕፍት መጀመሪያቸው ላይ «አባንደን»፣ ማለትም «መተው» የሚለው ቃል መገኘቱም የተማሪዎቹ የቆየ ቀልድ ነው፤ ገና ሳይጀምሩ ተዉት ይላቸዋልና። ስለዚህ ሐሳቡ ለእሷ አዲስ አይሆንም። ካንቺ አፍ በድንገት መስማቱ ነው የከበዳት።

አሁን ወደ በሽታው እንግባ፤ እዚህ ላይ ቻይንኛ ማወቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የሚነሳው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የቻይንኛ ቃል ጋር ብቻ ተጣምሮ ሲጠና ነው። «ቸንግጎንግ» (ስኬት፣ መሳካት) ስምም፣ ግስም፣ ቅጽልም ሆኖ ያገለግላል፤ መልኩን አይቀይርም። አፕሊኬሽኑ «ሰክሰስ ማለት ቸንግጎንግ» ብሎ ካስጠናት፣ «አይ ዋንት ቱ ሰክሰስ» በራሷ ቋንቋ ሚዛን እንከን የለውም። ግሱ ሰክሲድ፣ ቅጽሉ ሰክሰስፉል መሆናቸውን ዝርዝሩ ምናልባት ከሁለት መቶ ገጽ በኋላ፣ ለየብቻቸው ነው የሚነግራት። የአይኤልትስ መመዘኛ ደግሞ የቃላት አመሠራረት ስህተትን ስሙን ጠርቶ ያየዋል፤ በራይቲንግም በስፒኪንግም የቃላት አጠቃቀም የነጥቡን ሩብ ይይዛል።

«ካን» (ማየት) የሚለውን ውሰጂ። መጽሐፍም፣ ቴሌቪዥንም፣ ሐኪምም በቻይንኛ «ካን» ነው፤ እንግሊዝኛው ሪድ፣ ዋች፣ ሲ ብሎ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። «ጂዬ» መበደርም ማበደርም ስለሆነ «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ትልሻለች። መድኃኒት በቻይንኛ ይበላል፣ ዝናብ ትልቅ ይሆናል፣ ዕውቀት ይጠናል፤ «ኢት ሜዲሲን»፣ «ቢግ ሬይን»፣ «ለርን ኖውሌጅ» የሚመጡት ከዚያ ነው። ቃላቱ አንድ በአንድ ሲታዩ አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው የተቀመጡበት ጉርብትና ነው። ይህንን ደግሞ የነጠላ ቃል ዝርዝር ሊያርመው አይችልም፤ ጭራሽ ያጠነክረዋል።

በዚህ ላይ ድምፁ አለ። በማንዳሪን አንድ ክፍለ ቃል የሚያልቀው በአናባቢ፣ በ«ን»፣ በ«ንግ» ወይም በ«ር» ነው። ስለዚህ «ቡክስ» እና «ወርክድ» መጨረሻቸው ይዋጣል፣ አለዚያ «ጉድ» የሚለው «ጉደ» ይሆናል። ብዙ ቁጥርና ያለፈ ጊዜ በቻይንኛ የቃሉን ቅርጽ ስለማይለውጡ አሳቧም አያስታውሳትም፤ አፏ ቢጥለው አሳቧ አያነሳላትም። «ታ» እሱም እሷም ስለሆነ ስለ እናቷ እያወራች «ሂ» ትላለች፤ እያወቀች ነው የሚያመልጣት። እንዲህ ያለውን አስር ሺህ ቃል ብትጨምርም አታስተካክለውም።

«እኔ ማን ነኝ» ላልሽውም መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው። ለንደን ተወልዶ ያደገ አስተማሪ «ለርን ኖውሌጅ አይባልም» ይላታል፤ ለምን እንዳለችው ግን አያውቅም። አንቺ ከሥሩ ያለው ቻይንኛ ይታይሻል። የአፍ መፍቻሽ አለመሆኑ የሚጎዳው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ እኛም «ቲቪውን ክፈቺው» ነው የምንለው፤ ቻይንኛውም «ካይ» ስለሚል «ኦፕን ዘ ቲቪ» ስትልሽ ስህተትነቱ ሁለታችሁንም ሊያመልጣችሁ ይችላል። ስለዚህ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ስልክሽ ላይ ይኑር፤ በተጠራጠርሽ ቁጥር ፊቷ ክፈቺው፣ አታፍሪ። ሁለተኛው አጠራር ነው። «ዚስ» እና «ሲንክ» የእኛም ድክመት ናቸውና የምትከተለው ድምፅ ያንቺ ሳይሆን የተቀዳ ይሁን። ድምፁ የቅጂው፣ ተቆጣጣሪዋ አንቺ።

እንዴት ትነግሪያታለሽ? «ጠይቂኝ ብቻ» አይደል ያለችሽ? ጠይቂያት። አፕሊኬሽኑ ላይ «አውቀዋለሁ» ብላ ካለፈቻቸው ቃላት 30 በዘፈቀደ ምረጪና ሦስት ዙር አድርጊው። ከከባዱ ጀምሪ፤ ከቀላሉ ከጀመርሽ ቃሉን ቀድማ ስላየችው ውጤቱ ይበላሻል። በመጀመሪያው ዙር የቻይንኛውን ትርጉምና የእንግሊዝኛውን የመጀመሪያ ፊደል ስጫት፤ እሷ ቃሉን ተናግራ ስለ ሥራዋ ወይም ስለ ቤቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ትሥራበት። ለእያንዳንዱ ሃያ ሰከንድ በቂ ነው። በሁለተኛው ዙር ቃሉን ከመዝገበ ቃላቱ ድምፅ አሰሚያትና ሳታይ ትጻፈው። በሦስተኛው እንደለመደችው ጽሑፉን አሳይተሽ ትርጉሙን ጠይቂ። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፊና «ሦስተኛው ሪዲንግሽ ነው፣ የመጀመሪያው ስፒኪንግሽ» በያት። ሌላ አትጨምሪ፣ ፈገግም አትበይ። ሦስተኛው ከሠላሳ የሚርቅ አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው ግን ከደብዳቤሽ እንደምገምተው ብዙ ዝቅ ይላል። እንዳጋጣሚ የመጀመሪያውም ከሃያ በላይ ከሆነ ግን ግምታችን ተሳስቷል፤ ያኔ ችግሩ ሰዋስው ወይም ፍርሃት ነው፣ ዝርዝሯንም ተዪላት።

ልዩነቱን አይታ ዝም ስትል ሁለተኛውን ስሌት አምጪላት። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በ1885 ያሳተመውን የመርሳት ጥናት ቻይናውያን ተማሪዎች በደንብ ያውቁታል፤ በስሙ የሚጠሩት የክለሳ ቀናት በአብዛኛው ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ7 እና ከ15 ቀን በኋላ የሚሉት ናቸው። በዚህ ሥርዓት በቀን መቶ አዲስ ቃል የሚያጠና ሰው ከሁለት ሳምንት ትንሽ እንዳለፈ በየቀኑ መቶ አዲስና አምስት መቶ ክለሳ ይጠብቀዋል። ለአንዱ ስድስት ሰከንድ ቢሰጥ እንኳ አንድ ሙሉ ሰዓት ነው፤ በስድስት ሰከንድ ደግሞ ከዓይን መለየት በስተቀር ምንም አይሠራም። ከሥራ የምትተርፈው ሰዓት ስንት ነው? ሰዓቱን ጠይቂያትና ራሷ ታካፍለው።

አፕሊኬሽኑን «አጥፊው» አትበያት፤ ሰርቪስ ላይ ለሩብ ሰዓት የቆየውን ትከልስበት። አዲስ ቃል ግን ከሌላ ቦታ ይምጣ። ኒውዚላንድ ውስጥ በቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዌሊንግተን አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች (ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት) አሉት፤ የተደረደረው በፊደል ሳይሆን በሚዘወተሩበት ልክ ነው፣ በአስር ክፍል ተከፍሎ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በስልሳ ስልሳ 180 ቤተሰብ ይሆናሉ። በቀን አራት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ብትይዝ ስምንት ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል፤ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አዲስ ነገር አይኖርም። አብዛኞቹን በዓይኗ ታውቃቸዋለች፣ ስለዚህ «ይሄማ ቀላል ነው» ማለቷ አይቀርም። እዚያው ያዢያት፦ «ሲግኒፊካንት»ን ካወቅሽው ግሱን ስጪኝ፣ ስሙን ስጪኝ፣ ከፊቱ የሚመጣውን ቃል ስጪኝ። መልክ ተመሳሳይ ቃላትን፣ አዳፕትና አዶፕትን የመሳሰሉትን፣ ባንድ ቀን አታስይዣት፤ የቃላት መጻሕፍቱ ለማነጻጸር ብለው ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ተማሪው ዕድሜ ልኩን ያምታታቸዋል። አንዱ በደንብ ከያዘ ከሳምንት በኋላ ሌላው ይምጣ።

ቃላቱን በምትይዝበት የወረቀት ካርድ ላይ ደግሞ አንቺ ብቻ ልትሠሪ የምትችዪው ሥራ አለ። ፊት ለፊቱ ነጠላ ቃል አይጻፍ፤ ሙሉ የቻይንኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት፣ ጀርባው ላይ እንግሊዝኛው። «ትናንት ትልቅ ዝናብ ጣለ» የሚለውን በቻይንኛ አንብባ «ሄቪ ሬይን» ብላ ካልተናገረች ካርዱ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ወጥመዱ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መኖር አለበት፤ ቻይንኛው የሚጎትታት ቦታ ላይ ነው ካርድ የሚያስፈልገው። በቀን ከአምስት ካርድ በላይ አትጻፉ፤ ሁሉንም ስህተት ለመሰብሰብ ከሞከራችሁ በአስር ቀን ውስጥ ሳጥኑ ሌላ የመቶ ቃል መጽሐፍ ይሆናል።

ራይቲንግ ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለተኛውን ጥያቄ ትጻፍ፤ በአርባ ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃል ነው፣ ክብደቱም ከመጀመሪያው እጥፍ ነው። ስታርሚ ትክክለኛውን አትጻፊላት። የተሳሳተውን ጥምረት አስምሪበት፣ ከሥሩ የጎተታትን ቻይንኛ ጻፊ፣ እሷ ታስተካክለው። መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ዊዝ ዘ ዴቨሎፕመንት ኦፍ ሶሳይቲ» ካየሽ ሰርዢው፤ «ስዌጀ» («ከዚህ ጋር አብሮ» እንደማለት) ብሎ የሚጀምረው የትምህርት ቤት ድርሰት መክፈቻ ግልባጭ ነው። «ኤቭሪ ኮይን ሃዝ ቱ ሳይድስ»ም እንዲሁ። ፈታኞች ተሸምድዶ የመጣን ሐረግ እንዲለዩ የሠለጠኑ ናቸው፤ ለእሱ ነጥብ የላቸውም። ትልልቅ ቃል የመውደድ አመልም አለ፦ «ሜኒ ፒፕል» ማለት እያለ «ኤ ፕሌቶራ ኦፍ ፒፕል»። ስድስት ለማምጣት የሚያስፈልገው በቂና ተገቢ ቃል ነው፤ ብርቅ ቃል አልፎ አልፎ ቢሞከር ይጠቅማል፣ ያላግባብ ሲደረደር ግን ተራው ቃል ይበልጠዋል።

ስፒኪንግ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በአስር ሳምንት አንድ ሙሉ ነጥብ ቀላል አይደለምና ተስፋ እንዳታበዢላት። ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። መሃሉ ላይ በተሰጣት ርዕስ አንድ ደቂቃ ተዘጋጅታ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻዋን ታወራለች፤ በቃል ዝርዝር ያደገ ሰው እዚህ ነው የሚደርቀው። በየቀኑ አንድ ርዕስ ስጫትና ስልኳ ላይ እየቀዳች ሦስት ጊዜ ትናገረው፦ መጀመሪያ በአራት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ያንኑ በሦስት፣ ከዚያ በሁለት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ቃሉን ፍለጋ የምትቆምበት ጊዜ ይቀንሳል፤ ጥቅሙ እሱ ነው። ቅጂውን ስትሰሙ አንድ ቀን የቃላት መጨረሻ ብቻ፣ ሌላ ቀን «ሂ» እና «ሺ» ብቻ ቁጠሩ። ሁሉን ባንዴ ካረምሻት አፏን ትዘጋብሻለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትከፊብኝ። ምሳ ላይ በቻይንኛ ስታወሩ ማነው ትምህርት ቤት ያለው? ሌሎቹ ባልደረቦቿ ቻይንኛ ነው የሚያወሩት፤ እንግሊዝኛ የምትናገርበት ሰው ምናልባት አንቺ ብቻ ነሽ፣ ያንን ሰዓት ደግሞ አንቺ እየተማርሽበት ነው። ክፉ አስበሽ አይደለም፣ ጓደኝነታችሁም በዚያው ቋንቋ ነው የተሠራው። ግን እስከ ፈተናው ድረስ በሳምንት አራቱን ምሳ በእንግሊዝኛ፣ አንዱን በቻይንኛ ብታደርጉት? ወጪ የለውም፣ ከማንኛውም አፕሊኬሽን ይበልጣል። መጀመሪያ ሰሞን ወሬያችሁ ይደርቃል፤ ችላችሁ ጠብቁት።

ሊስኒንግ ከ6 እንዳይወርድ በቀን የሁለት ደቂቃ ቅጂ እየሰማች ትጻፍ፤ «ቡክስ» ተብሎ «ቡክ» ብላ ከጻፈች ስህተት ነው፣ የፊደል ግድፈትም ነጥብ ያስቀንሳል። ሪዲንግን ተዉት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዝም ብለሽ መቀበሉም፣ ድንገት «በቃኝ» ብለሽ መተዉም እኩል አይዋጥልሽም። የሦስት ሳምንት ውል አቅርቢላት፦ «ሦስት ሳምንት በዚህ መንገድ እንሞክር፣ ከዚያ በሌላ 30 ቃል ያንኑ ፈተና እንድገመው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ካልጨመረ ክፍያውን አቁሚ፣ ጓደኝነታችን ይቀጥላል።» እንዲህ ካልሻት የምትቀበዪው ገንዘብ ስም ይኖረዋል። ይህን ያህል ነጥብ ታመጫለሽ ብለሽ ግን አትዋዋዪ። የጥናቱ ሰዓትም ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን፤ አለቆቻችሁ ሲያዩ ደስ የማይላቸው ነገር እንዳይሆንብሽ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ስፒኪንጓ ካልተነቃነቀ ቀኑን ማራዘም ይቻል እንደሆነ የተመዘገበችበትን የፈተና ማዕከል ትጠይቅ፤ የጊዜ ገደብና ወጪ ስለሚኖረው ዛሬውኑ ደንቡን ብታውቀው ይሻላል። ማመልከቻዋ የሚዘጋበትን ቀንስ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? የጨነቃት እሱ ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም አልፈልግም፣ ዝርዝሬን ብቻ ጠይቂኝ ብትልስ? እሺ በያት፤ ግን አጠያየቁ ያንቺ ይሁን። የእንግሊዝኛውን ቃል ከማንበብ ይልቅ የቻይንኛ ዓረፍተ ነገር እየሰጠሻት እንግሊዝኛውን አስወጪያት። የመጀመሪያዎቹን አስር ዓረፍተ ነገሮች ከራሷ ጠረጴዛ ውሰጂ፦ ደረሰኙ አልደረሰም፣ ዋጋው ውድ ነው፣ ገንዘብ አበድረኝ፣ ክፍያው ዘገየ። «ዘ ፕራይስ ኢዝ ኤክስፔንሲቭ» ስትልሽ (ዋጋ በእንግሊዝኛ «ሃይ» ነው የሚባለው) ካርድ አውጪ።